«አውጣ!» ሲሉት የሚወጣው

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? መርማሪ ፖሊስ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የጦር መሣሪያ ደብቋል የተባለ ልጅ ይዘን ነበር። ቦታውን አልናገርም አለ። ጊዜ የለም፣ ሰው ሊያልቅ ነው ተባለ። መታነው። በመጨረሻ ተናገረ። አለቃዬ «ለሀገር ነው» ይለኛል። ሮሜ 13ም ባለ ሥልጣን ሰይፍ በከንቱ አይታጠቅም ይላል። ደግሞስ ልጁ ንጹሕ ቢሆን፣ እግዚአብሔር ሰማዕታትን እንዳጸናቸው አያጸናውም ነበር? ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ልቤ አይረጋም። ልቁረብ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ልጄ፣ ልብህ አልረጋ ማለቱ መልካም ነው። የንስሐንና የቁርባንን ሥርዓት ታውቃለህ፣ አልደግምልህም። እኔን ያስደነገጠኝ መሐል ላይ ጣል ያደረግካት ነገር ናት። «ንጹሕ ቢሆን ያጸናው ነበር።»

ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከፖሊስ ብቻ አይደለም። ሌባ ተያዘ ሲባል ሮጦ ከሚማታ ሰውም፣ ሠራተኛዋን «ወርቄን የት አደረግሽው» እያለች ከምታስጨንቅ እመቤትም ሰምቼዋለሁ። እውነት ያለው ይችለዋል፣ ያልቻለው ጥፋተኛ ነው ይላሉ።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከገድል ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት መከራ ተቀብሎ እንዳልካደ እየሰማን አደግን። ከዚያ ሕመም ራሱ የእውነት መፈተኛ መሰለን። ግን ገድሉ ሲነበብ አንተ የት ቆመህ ነው የምትሰማው? ሁላችንም ከጊዮርጊስ ጎን ነን። እርሱን ያሠቃየው የንጉሡ የዱድያኖስ ወታደሮች ግን ከሰማይ አልወረዱም። እነሱም አለቃ ነበራቸው፣ እነሱም ታዘው ነው። ገድሉ የተጻፈው የእግዚአብሔርን ጸጋ እንድናይ ነው። ለገራፊ መመሪያ እንዲሆን አይደለም።

ሰው በራሱ አቅም ሲቀር ምን እንደሚሆን ከፈለግህ ጴጥሮስን እይ። ማንም አልነካውም። በጥፊ እንኳ አልተመታም። አንዲት ገረድ አየችውና «አንተም ከእርሱ ጋር ነበርህ» አለችው፣ በቃ። እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ዋሸ። ፍርሃት ብቻውን ከሐዋርያት አለቃ አፍ ውሸት ካወጣ፣ ዱላ ከአንድ ልጅ አፍ ምን እንዲያወጣ ነው የጠበቃችሁት?

በማገለግልበት ደብር አንድ አባት ነበሩ። ጫማቸውን የሚያወልቁት ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ፊታቸውን አዙረው ያወልቃሉ። ካልሲያቸውን ግን አይነኩም። እኔ ብርድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ነገሩኝ። በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወፌ ላላ ተገርፈዋል። አንተ ወጣት ነህ፣ ላታውቀው ትችላለህ። እጅና እግር ይታሰራል፣ በጉልበት ሥር እንጨት ይገባል፣ ሰውየው ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ውስጥ እግሩ ይገረፋል። «አውጣ!» ይሏቸዋል። የሚያወጡት ነገር የላቸውም፣ የምንም ድርጅት አባል አልነበሩም። በመጨረሻ የአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን ስም አወጡ። ለምን እሱን አልኳቸው። «ስሙ አጭር ነበር» አሉኝ። «ለረጅም ስም የሚሆን ትንፋሽ አልነበረኝም።»

ጓደኛቸውም ምንም አያውቅም ነበር። ተወስዶ ቀረ። ለገራፊዎቹ ግን ያ ቀን ሥራ የተሠራበት ቀን ነው። መዝገቡ ላይ ስም ገባ።

የደርግ ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካኖች ኢብን አል-ሼክ አል-ሊቢ የሚባል ሰው ይዘው ለግብፅ አሳልፈው ሰጡ። ሰውየው ስቃዩ ሲበዛበት፣ ኢራቅ የአልቃይዳ ሰዎችን በኬሚካልና በባዮሎጂ መሣሪያ አሠልጥናለች አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓውል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ቆሞ ይህንኑ ቃል ከማስረጃዎቹ አንዱ አደረገው። በወሩ ኢራቅ ላይ ጦርነት ተጀመረ። አል-ሊቢ በኋላ ቃሉን ካደ፣ ስቃዩ እንዲቆምልኝ ያልኩት ነው አለ። ይህም «ሰው ሊያልቅ ነው» ተብሎ የወጣ ቃል ነበር።

አንተም ልጁ ተናገረ ብለህ ጻፍክልኝ። መሣሪያው ተገኘ አላልክም።

ተገኝቶም ቢሆን መልሴ ያው ነው። ጌታችንም እኮ ተመርምሯል። ዮሐንስ ምዕራፍ 18ን ቀስ ብለህ አንብበው። ሊቀ ካህናቱ ስለ ደቀ መዛሙርቱና ስለ ትምህርቱ ጠየቀው። ስለ ትምህርቱ መለሰ፣ በግልጥ ነው ያስተማርኩት አለ። ከደቀ መዛሙርቱ ግን የአንዱንም ስም አልጠራም። ያኔ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ መታው። «መልካም ተናግሬ እንደ ሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው። ሎሌው ምን ብሎ እንደመለሰ ወንጌሉ አይነግረንም።

ወደ ሮሜ 13 እንምጣ። ሰይፉ ፍርድ አለበት፣ ሕግ አለበት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም እንደሚል አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ይልቅ ያን መልእክት የጻፈው ጳውሎስ በኋላ ኢየሩሳሌም ላይ ምን እንደገጠመው ተመልከት፣ የሐዋርያት ሥራ 22 ላይ ነው። ሕዝቡ ለምን እንደሚጮኽበት ለማወቅ ሻለቃው «እየገረፋችሁ መርምሩት» ብሎ አዘዘ። ጉዳዩ ያንተው ጉዳይ ነው፣ መረጃ ፍለጋ። በጠፍር ሲገትሩት ጳውሎስ «ባለ ሥልጣን ነውና ዝም ልበል» አላለም። የሮሜን ሰው ያለ ፍርድ መግረፍ ተፈቅዶላችኋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሻለቃውም ፈራ።

እኔ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል እህል ውኃ አንቀምስም ብለው ተማማሉ። ይኸውልህ «ጊዜ የለም» የሚባለው ነገር። ያው ሻለቃ ሴራውን እንዴት ደረሰበት? የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ሰምቶ መጣ። ሻለቃው ልጁን በእጁ ይዞ ፈቀቅ አደረገና ለብቻው «የምትነግረኝ ነገር ምንድር ነው?» አለው። እጁን ይዞ! በዚያው ሌሊት ጳውሎስ ሁለት መቶ ወታደሮች፣ ሰባ ፈረሰኞችና ሁለት መቶ ጦረኞች አጅበውት ከተማዋን ለቀቀ። በጅራፍ ሊያወጣ የሞከረው ሻለቃ ምንም አላገኘም። አንድ ልጅ አምኖት ሲነግረው ግን የሰው ሕይወት ተረፈ። መርማሪ ነህና ይህን ከእኔ በተሻለ ታነበዋለህ።

አሁን ልቁረብ ወይ ላልከው፣ ቆይ። መጀመሪያ ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። እዚያ ስትቀመጥ «ተመታ» አትበል። እኛ ለእንዲህ ያለው ነገር መሸሸጊያ ቃል አናጣም፣ «ትንሽ ተመከረ» እንላለን፣ «ተነካካ» እንላለን። አንተም «መታነው» ነው ያልከኝ። ከሰዎቹ መሐል ውጣና «መታሁት» በል። እጅህ ስንት ጊዜ እንደተነሳ የምታውቀው አንተ ነህ።

ሥራህን ልቀቅ አልልህም። መጥምቁ ዮሐንስም ወታደሮቹ ምን እናድርግ ሲሉት ውጡ አላላቸውም፣ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ነገ አለቃህ ደግሞ ቢያዝህ «እኔ አልመታም» በል። ሊከፋብህ ይችላል፣ እንጀራህም ሊነካ ይችላል። ይህን አልደብቅህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። ልጁ አሁን የት ነው? እስር ቤት ከሆነ፣ በዚያ ቃል ተከሶ ከሆነ፣ ቃሉ እንዴት እንደተገኘ ለዳኛው መናገር የምትችለው አንተ ነህ። የጉዳዩን ቀጠሮ ቀን አጣራና ጻፍልኝ።