«ኩላሊታቸው ፖታሲየም ያፈሳል» ለተባልሽው እህቴ

ጥያቄሽ ያለፈውን ሰኔ አስታወሰኝ። አባትሽን ሦስት ቀን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዟቸው የደማቸው ፖታሲየም ወደ 2.9 ወርዷል። «በሽንታቸው እየወጣ ነው» ተብለሽ ከፒያሳ ሳትርቂ የኩላሊት ሐኪም እየፈለግሽ ነው። ቆይ፣ አትሩጪ። እኔ ሮጬ አይቼዋለሁ።

1. ኩላሊቱን ቶሎ አትክሰሺው። እማዬ እንዲሁ ስትሆን ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ አሜባ አለ፣ ሌላው ታይፎይድ፤ አክስቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀች። በአራተኛው ቀን እማዬ ከሽንት ቤት ስትመለስ እግሯ አልታዘዝ አላትና የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች። ስትመረመር የደሟ ፖታሲየም 2.7 ነው (ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 ነው)፤ ሽንቷ ውስጥ ግን ሞልቷል። «ኩላሊቷ አለቀ» ብዬ ያቺን አቅም ያጣች ሴትዮ ለአልትራሳውንድ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም አዞርኳት። ሁለት ቦታ ከፈልኩ፣ ሁለቱም ጋ «ደህና ነው» ተባልኩ። አንደኛው ጋ እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ውጤት ከሰዓት ነው፣ ቦታ አታጣቡ» ብላ እናቴን ከወንበር አስነሳቻት። ይቺን አልረሳትም።

ነገሩ የገባን በመጨረሻ ያገኘነው ወጣት ሐኪም በካርዷ ጀርባ ላይ ሥሎ ሲያስረዳን ነው። የኮሌራ ባክቴሪያና አንዳንድ የኢኮላይ ዓይነቶች መርዛቸውን አንጀት ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። መርዙ የሴሉን ማብሪያ «በርቶ እንዲቀር» ያደርገዋል፤ ጨውና ውሃ ወደ አንጀት ይንዶለዶላል። ፖታሲየምም አብሮ ይሄዳል። ሰውነት መድረቁን ሲያውቅ ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል እጢ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ትልካለች። ትእዛዙ «ሶዲየሙን (ጨው ውስጥ ያለውን ማዕድን) ያዝ» ነው። ኩላሊት ሶዲየሙን ይይዛል፣ በምትኩ ፖታሲየም ይለቃል። የእማዬ ሽንት ውስጥ ሶዲየም የለም ማለት ይቻላል። ኩላሊቷ የታዘዘውን ነበር የሚሠራው! እኔ ነኝ ያለ ጥፋቱ በአልትራሳውንድ ሳስፈትሸው የከረምኩት።

(ክሬቲኒን፣ ማለትም የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ፣ ግን ይታይ። ድርቀቱ ከቆየ ኩላሊቱን የምር ይጎዳዋል። የእማዬ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፣ ፈሳሽ ሲገባላት ወረደ።)

2. «መድኃኒት ጀምረው ለምን አልቆመላቸውም?» ላልሽው፣ ክኒኑ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የተለጠፈውን መርዝ አያነሳም። በ1959 እ.ኤ.አ. ካልካታ ውስጥ ሳምቡ ናት ዴ የተባሉ ሐኪም ባክቴሪያው ተጣርቶ የወጣለትን ፈሳሽ ብቻ ጥንቸል አንጀት ውስጥ ከተው አንጀቱ በውሃ ተወጠረ። መርዙ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው የወጣውን መተካት ነው። እዚህ ጋም ጉድ ሠርቻለሁ። ሃይላንድ በሃይላንድ ላይ አጠጣኋት፣ ከሻይ በሎሚ ጋር። ለካ በዚያ ሰዓት ሰውነትን ውሃ የሚያስይዘው ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞንም ሥራ ላይ ነው። ባዶ ውሃ ሲጨመርበት የደሟ ሶዲየም ቀጥኖ ከጤናማው በታች 127 ገባ፣ እሷም መቀባዠር ጀመረች። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ስጫቸው። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እንዳትበጠብጪው።

3. ማግኒዝየም ይለካ በይ። እሱ ከጎደለ ፖታሲየም ቢሰጥም በሽንት መውጣቱን አያቆምም። እኛ ጋ ሁለት ቀን ፖታሲየም ተሰጥቷት ንቅንቅ ያላለው ለዚህ ነበር።

እግራቸው ከከዳቸው ወይም ልባቸው ያለ ወጉ ከመታ ግን ምክሬንም ተይው፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ውሰጃቸው። እማዬ የግፊት መድኃኒት አትወስድም ነበር፤ አባትሽ ግን ይወስዳሉ ብለሻል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ እሱም ፖታሲየም ያስወጣል። በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ ፓኬቱን ይዘሽ ሂጂና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪለት።