መልስ፦ ክራር በጆሮዬ ነው የምጫወተው፤ ቲዎሪ በኮምፒውተር መማር እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ትችላለህ። «ፕሮግራሙ ኢንተርቫል (የሁለት ድምፆች ርቀት) ሲያሰማኝ ሁሉም አንድ ይመስለኛል» ላልከው፣ የጆሮህ ችግር አይመስለኝም፤ ሁሉንም ባንዴ ስለከፈትክ ነው። ጂኤንዩ ሶልፌጅ የሚባለው ነፃ የጆሮ ማሠልጠኛ ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ ከዶ እስከ ፋና ከዶ እስከ ሶል ያሉትን ርቀቶች ብቻ ምረጥ። መልሱን ከመጫንህ በፊት ግን ሁለቱንም ድምፅ በአፍህ አዚማቸው። እባክህ ይህቺን አትዝለላት፤ ሳታዜም የገመትከው በነጋታው ይጠፋሃል።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሜጀርና ማይነር በሚባሉት የምዕራባውያን ስኬሎች ላይ ነው የሚያተኩሩት። ቅኝቶቻችንን ራስህ ሙዝስኮር በሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ጻፋቸው፤ እሱም ነፃ ነው። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለህ፣ ከሥሩ አምባሰልን ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ብለህ ጻፍና እያፈራረቅህ አጫውታቸው። የሚጋሩት ዶና ሶልን ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማሃል።

አንድ ነገር ልብ በል፤ ኮምፒውተሩ ኦክታቩን (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚያሰማህ። የክራርህ ድምፅ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ተሳስቷል ብለህ ክሩን አትጠምዝዝ።