ድሬዳዋ ውስጥ ወባ አለ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ድሬዳዋ መሃል ከተማ ቤት ተከራይተናል፤ ወባ የገጠር በሽታ አይደል እንዴ? ለልጆቼ አጎበር ያስፈልጋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያስፈልጋል። ከአጎበሩ በፊት ግን የውሃ በርሜልሽ ክዳን እንዳለው እይ።

እኔም እንዳንቺ ነበር የማስበው። ወባ የረግረግ፣ የወንዝ ዳር፣ ክረምት ሲወጣ የሚመጣ ነገር ነው ብዬ። የካቲት 2014 ዓ.ም. ዝናብ ጠብ ሳይል ልጄን ብርድ ብርድ አለው፣ ራሱን አመመው፣ ያስመልሰው ጀመር። ክሊኒክ ወሰድኩት። «ከከተማ ወጥቶ ነበር?» አሉኝ፣ አልወጣም አልኩ፣ የወባ ምርመራ ሳያዙለት ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሱን። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ እሳት ሲነድ አጠገቡ ተቀምጬ አደርኩ። በአራተኛው ቀን ሌላ ቦታ ደሙ ሲታይ ፋልሲፋረም የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘበት። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ነበር።

ይህን ያመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ናት። አገሯ ደቡብ እስያና የአረብ ምድር ነው። በፈረንጆቹ 2012 ጅቡቲ ታየች፣ 2016 ደግሞ እኛ አገር፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር። ከለመድናት የሚለያት፣ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። እኛ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ቤት ያጠራቅማል፤ በጋ ላይ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ብዙ ፀረ ተባይ መድኃኒትም ተላምዳለች፣ ስለዚህ ቤት ተረጭቷል ብለሽ አትዘናጊ።

እኔ በየቅዳሜው በርሜሉን ገልብጬ ውስጡን ፈትጌ አጥባለሁ። በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት፣ አስር ቀን ቢበቃት ነው። የማይገለበጠውን ሮቶ ክዳኑን ግጥም አድርጊ፣ ከላላ በጨርቅ እሰሪው። ውሃው ላይ ጋደም ብሎ የሚንሳፈፍ ትንሽ ትል ካየሽ የወባዋ እጭ ሊሆን ይችላል፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሪያት። ልጆቹ አጎበር ውስጥ ይተኙ፣ ግን ከመሸ በኋላ ደጅ ሲጫወቱም ትነክሳለች።

ልጅ ካተኮሰው ደግሞ «ከከተማ አልወጣም» ቢሆንም የደም ምርመራ ይታይልኝ በይ። እምቢ ካሉሽ ሌላ ቦታ ሂጂ፣ እንደኔ ሦስት ቀን አትጠብቂ።

ቤቱ የት ሰፈር ነው? ሳቢያን ከሆነ የበርሜል ክዳን በልክ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።