ስሜ አይታይም ወይ? ስለ ኦፍሾር ኩባንያዎችና ሒሳቦች የቀረቡ ጥያቄዎች

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከአገር ውጭ ስለሚከፈቱ ኩባንያዎችና የባንክ ሒሳቦች የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ መመለሱን መርጫለሁ። የእያንዳንዱ ሰው የግብር ሁኔታ ስለሚለያይ መልሶቹ የባለሙያን ምክር አይተኩም።

ጥያቄ፦ የምኖረውም የምነግደውም ዱባይ ነው። አንድ አማካሪ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች «ስምዎ የትም የማይታይበት» ኩባንያ ላቋቁምልዎ ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ለተራው ሰው አይታይም፤ ማየት ለሚገባው አካል ግን ይታያል። ደሴቶቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ለውጭ ባለሀብቶች የሚሆን የኩባንያ ሕግ ካወጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሸጡት ምስጢርን ነበር። ዛሬ ግን ፈቃድ ያለው አስመዝጋቢ ወኪል የፓስፖርትዎን የተረጋገጠ ቅጂ፣ የአድራሻ ማስረጃና የገንዘብዎን ምንጭ የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቅዎታል። ኩባንያው ሒሳብ ሲከፍት ደግሞ ባንኩ የግብር ነዋሪነትዎንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን የሚሞሉበት ቅጽ ያቀርብልዎታል፤ ኩባንያው ገንዘብ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ ከሌለው ከጀርባው ያለውን ሰው ለይቶ ይመዘግባል። ይህ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 በተጀመረውና ዛሬ ከ100 በላይ አገሮችንና ግዛቶችን በሚያስተሳስረው የልውውጥ ሥርዓት አማካይነት፣ ከዓመቱ መጨረሻ ቀሪ ሒሳብና ከተገኘው ወለድ ጋር፣ ባለቤቱ የግብር ነዋሪ ወደሆነበት አገር በየዓመቱ ይላካል።

አማካሪዎ ምናልባት ያልነገረዎት ሌላም ነገር አለ። ኩባንያው የተመዘገበው በደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው በቶርቶላ ላይ ቢሆንም ዋና ውሳኔዎቹ የሚወሰኑት ዱባይ ላይ ከሆነ፣ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ ከ375,000 ድርሃም በላይ በሆነ ትርፍ ላይ የጣሉት የ9 በመቶ የኩባንያ ግብር ሊደርስበት ይችላል። ደሴቶቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በሕገወጥ ገንዘብ ቁጥጥር ረገድ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች «ግራጫ ዝርዝር» ውስጥ ስለገቡ ባንኮች ጥያቄ ማብዛታቸው አይቀርም። ሕጉ ቢያልፍዎት እንኳ ሰነድ ሾልኮ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓናማው የሕግ ቢሮ ከሞሳክ ፎንሴካ ከወጡት 11.5 ሚሊዮን ሰነዶች ውስጥ ስማቸው ከተገኘው ኩባንያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተመዘገቡት በእነዚሁ ደሴቶች ነበር። ከተለያዩ አገሮች ሸሪኮች ጋር በጋራ ንብረት ለመያዝ እንዲህ ያለው ኩባንያ ሕጋዊ ጥቅም አለው፤ ለመደበቅ ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምንኖር አሜሪካዊ ዜጎች ነን። አዲስ አበባ ለቤት ግንባታ ያስቀመጥነው የብር ሒሳብ አለን። ባለቤቴ «ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይላል።

መልስ፦ ይመለከታችኋል። የአሜሪካ ሕግ ግብር በማይከፈልባቸው በካይማን ደሴቶች ያለን ሒሳብ ቦሌ ካለው አይለይም፤ ከአገር ውጭ ያሉት ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ከግብር ማስታወቂያችሁ ተለይቶ በኢንተርኔት የሚላክ ሪፖርት አለባችሁ። የጊዜ ገደቡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ (ኤፕሪል) 15 ሲሆን ሳይጠየቅ እስከ ጥቅምት (ኦክቶበር) 15 ይራዘማል። የእናትዎ ሒሳብ እንኳ ቢሆን የመፈረም ሥልጣን ካለዎት ይቆጠራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የብሩ ዋጋ ላይ ነው። በሒሳቡ ውስጥ 800,000 ብር ብቻ ነበር እንበል፤ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ይህ ከ14,000 ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ዶላር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ ያው ገንዘብ ከ8,000 ዶላር በታች ወርዷል። ስለዚህ የዘንድሮውን ብቻ ተመልክታችሁ አትረጋጉ፤ ያለፉት ዓመታት ሪፖርት ቀርቶባችሁ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ በራሱ ግብር አያስከፍልም፤ ወለዱ ግን እንደ ገቢ መታወጅ አለበት። ሆን ተብሎ ላልተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱ በእያንዳንዱ ሒሳብ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዓመታዊ ሪፖርት እንዲሰላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ወስኗል። የግብር ባለሥልጣኑ ሳይጠይቃችሁ በፊት ራሳችሁ ብታቀርቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሌላውን ይህን ያህል ከተቆጣጠረች ራሷስ?

መልስ፦ ትዝብትዎ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ የዓለም ባንኮች የዜጎቿን ሒሳብ እንዲያሳውቋት ታስገድዳለች፤ ከላይ በጠቀስኩት የልውውጥ ሥርዓት ግን አልገባችም። የኩባንያዎች እውነተኛ ባለቤቶች እንዲመዘገቡ ያወጣችውንም ሕግ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በአገር ውስጥ ለተመሠረቱ ኩባንያዎች አንሥታዋለች። በአሜሪካ ግዛቶች በዴላዌር የተመዘገበ ኩባንያና በሳውዝ ዳኮታ የተቋቋመ ትረስት (ንብረት ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ የሚያዝበት አደረጃጀት) ከብዙዎቹ ደሴቶች ይልቅ ለመደበቅ ይመቻሉ ብል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቤርሙዳ ግብር ጣለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የኩባንያ ግብሩ 15 በመቶ ነው። ሆኖም የሚመለከተው ዓመታዊ ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችን ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ደንብ ለአፍሪካ ምን ፈየደ?

መልስ፦ እስካሁን ጥቂት። በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው ከፍተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው ሪፖርት አህጉሪቱ በሕገወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታጣ ገምቶ፣ ትልቁ ድርሻ የንግዱ ዘርፍ መሆኑን አመልክቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዕቃው ከፋብሪካው በቀጥታ ወደ ወደቡ ይጫናል፣ ደረሰኙ ግን በሦስተኛ አገር በተመዘገበ ኩባንያ በኩል ዞሮ ዋጋው ተጨምሮበት ይመጣል፣ ልዩነቱም እዚያው ይቀራል። ይህንን የባንክ ሒሳብ ልውውጥ ብቻውን አይደርስበትም፤ የጉምሩክ ሠራተኛው የዋጋ ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። የአፍሪካ አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር የግብር ስምምነት እንዲዘጋጅ የገፉትም ደንቡ ሀብታም አገሮች በሚበዙበት ድርጅት ብቻ መውጣቱ ይብቃ በሚል ነው፤ ድርድሩ እ.ኤ.አ. በ2027 እንዲጠናቀቅ ታቅዷል።