የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የታዳጊ ሴቶች የሶፍትቦል ልምምድ እንዴት ይመራ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ የተመዘገበችበት የሰፈራችን የሶፍትቦል ቡድን አሠልጣኝ አጥቶ ሊበተን ሲል፣ ሌላ ፈቃደኛ ስላልተገኘ ኃላፊነቱን እኔ ተቀበልሁ። እኔ ያደግሁት እግር ኳስ እየተጫወትሁ ነው፤ ቤዝቦልም ሆነ ሶፍትቦል ከቴሌቪዥን በቀር አላውቅም። ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆኑ 12 ልጆች አሉኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል እንገናኛለን። እኔ እየወረወርሁ በየተራ ሲመቱ የቀሩት ሜዳው ላይ ቆመው አፈር ይጭራሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ይሰለቻሉ። ልምምዱን እንዴት ባደራጀው ይሻላል?

መልስ፦ ጨዋታውን አለማወቅዎ የሚያስጨንቅዎትን ያህል ጉዳት የለውም። ሕጉ በጥቂት ምሽቶች ንባብ ይያዛል፤ የሚከብደው የልጆችን ጊዜ ማደራጀት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ከእግር ኳስ ያገኙት ልምድ ይረዳዎታል። አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ 12 ልጆችን አሰልፎ አንድ ኳስ ብቻ ቢሰጣቸው እርስዎ ራስዎ ይታዘቡት ነበር፤ በሶፍትቦል ግን ነገሩ የተለመደ ስለሆነ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እስቲ ሂሳቡን እንመልከት፦ ለእያንዳንዷ ልጅ የመምታት ተራ 3 ደቂቃ ቢሰጥ አንዱ ዙር 36 ደቂቃ ይወስዳል፤ ስለዚህ በ90 ደቂቃ ውስጥ አንዲት ልጅ ባት (የመምቻ ዱላ) የምትጨብጠው ሁለት ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ የቀረውን ጊዜ እንደ ቀበሌ ባለጉዳይ ተራዋን ስትጠብቅ ታሳልፈዋለች። አፈር ቢጭሩ አይፈረድባቸውም፤ ሌላ ሥራ አልተሰጣቸውም።

መፍትሔው ልጆቹን አራት አራት አድርጎ በሦስት ቡድን መክፈል፣ በሜዳው ሦስት ማዕዘን የተለያየ ሥራ ማዘጋጀትና በየ12 ደቂቃው ማዘዋወር ነው። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ረዳት ያስፈልግዎታል። ረዳቶቹ ሩቅ አይደሉም፤ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ስልክ የሚነካኩት ወላጆች ናቸው። «ማን ይረዳኛል?» ብለው በጅምላ ከጠየቁ ሁሉም ወደ ጎን ያያል፤ አንዷን እናት በስሟ ጠርተው «እርስዎ እዚህ ቆመው ኳስ ያንከባልሉልኝ» ቢሏት ግን እምቢ አትልም። ነገር ግን ከልጆች ጋር በቋሚነት የሚሠራ ፈቃደኛ ሁሉ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ እንዲያልፍ አብዛኞቹ ሊጎች ስለሚያስገድዱ፣ ፎርሙን አስቀድመው ያስሞሏቸው፤ አንድ ጎልማሳ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻውን የሚቀርበት ሁኔታም ፈጽሞ እንዳይኖር ያድርጉ።

ሰውነት ለማሟሟቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሜዳውን በከንቱ ከማዞር ይልቅ ቤዞቹን (ሯጭ በየተራ የምትረግጣቸውን የሜዳውን ማረፊያዎች) እያስሮጡ ቢያሟሙቋቸው ሩጫውም ትምህርት ይሆናል። ቴሌቪዥን የሚያሳስትዎት አንዱ እዚህ ላይ ነው። በቤዝቦል ሯጩ ኳሱ ሳይወረወር ከቤዙ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ በልጆችዎ ጨዋታ ግን ኳሱ ከፒቸሯ (ለመቺዋ ኳስ ከምትወረውረው ልጅ) እጅ ከመውጣቱ በፊት ቤዙን የለቀቀች ሯጭ «አውት» ተብላ ከሩጫው ትወጣለች። ሌላው ልጆቹ አንደኛው ቤዝ ላይ ለመቆም ሲሉ ሩጫቸውን የማቀዝቀዛቸው ነገር ነው። መትታ የምትሮጥ ልጅ አንደኛውን ቤዝ ረግጣ በፍጥነቷ እንድታልፍ ሕጉ ይፈቅድላታል፤ ስለዚህ ከቤዙ ጥቂት ሜትሮች አልፎ አንድ ምልክት ያኑሩና እስከዚያ ድረስ ሳይቀዘቅዙ እንዲሮጡ ያለማምዷቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ውርወራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከማንኛውም ነገር የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ጨዋታ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ በደንብ የሚመታው ቡድን ሳይሆን ተራ ኳስ አንሥቶ ሳይሳሳት ወደ አንደኛው ቤዝ መወርወር የሚችለው ነው። በየልምምዱ 15 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ይወራወሩ። ሲወራወሩ ከሁሉ በፊት እጃቸውን ይመልከቱ። 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱበት ኳስ ዙሪያው 11 ኢንች ስለሆነ ለትንሽ እጅ ገና ትልቅ ነው፤ በመሆኑም ልጆቹ መዳፋቸው ውስጥ ቀርቅረው ይይዙትና ሲወረውሩት አፍንጫቸው ሥር ይወድቃል። ኳሱ በጣቶች ጫፍ፣ ስፌቱን አቋርጦ ይያዝ፤ በመዳፉና በኳሱ መካከልም ትንሽ ክፍተት ይታይ። ሁለት ጣት ካልበቃት ሦስት፣ ካስፈለገም አራት ጣት ትጠቀም፤ ስታድግ ራሷ ትቀንሰዋለች። ቀጥሎ ትከሻዋን ወደ ዒላማው አዙራ በጎኗ ትቁም፤ በቀኝ የምትወረውር ከሆነ በግራ እግሯ ወደ ዒላማው ትራመድ፤ ክርኗም ከትከሻዋ በታች አይውረድ። የእግሩ ነገር ካስቸገራት በቀኝ ጉልበቷ ተንበርክካ እጇን ብቻ ታለማምድ። አራቱን ስሕተት በአንድ ትንፋሽ አይንገሯት፤ ዛሬ አያያዟን ካስተካከሉ እግሯን ለሐሙስ ይተዉት።

ከሦስቱ ማዕዘኖች አንዱ የመምቻ ይሁን። ቲ በሚባለው ማስቀመጫ ላይ ኳስ እያስቀመጡ ወደ አጥሩ ወይም ወደ መረቡ ይምቱ፤ ከጎን ተንበርክኮ ኳስ የሚያቀብል አዋቂ ካለ ደግሞ ቀዳዳ ባላቸው የፕላስቲክ ኳሶች ይለማመዱ። ባት የምትይዘው ተራዋ የደረሰ ልጅ ብቻ ትሁን፣ ሄልሜቷም ከራሷ አይውረድ፤ በልምምድ ላይ ከሚደርሱ ክፉ ጉዳቶች አንዱ ሳያዩ በተወነጨፈ ባት የሚመጣ ነውና በዚህ ሕግ ላይ ቀልድ የለም። በሁለተኛው ማዕዘን መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ይለማመዱ፤ መጀመሪያ ያለ ጓንት፣ በቴኒስ ኳስ፣ በሁለት እጅ። ኳስ በእግራቸው መካከል የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ጓንቱ ዘግይቶ ስለሚወርድ ነው፤ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ጓንቱ አፈሩን ነክቶ ከጠበቀ፣ ወደ ላይ ማንሣት ወደ ታች ከማውረድ ይቀላል። ሦስተኛውን ማዕዘን ለከፍታ ኳስ ይተዉት።

ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁለት ልጆች አንዱን ኳስ ሊይዙ ሲሮጡ «የእኔ!» ብላ የምትጮህ ከሌለች ወይ ይጋጫሉ፣ ወይ ሁለቱም ቆመው ኳሱ መሃላቸው ይወድቃል። የእኛ ቤት ልጆች በትልቅ ሰው ፊት ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ እየተነገራቸው ስለሚያድጉ፣ ሜዳ ላይ መጮህ የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸው። ጩኸቱን ራሱን የቻለ ልምምድ ያድርጉት፤ የያዘችም ብትሆን ካልጠራች ኳሱ አይቆጠርላት። ልጅዎ ቤት ስትገባ ጩኸቷን ይዛ ከመጣች ግን እናቷን እኔ አላስረዳም።

የመጨረሻው 20 ደቂቃ የጨዋታ ይሁን። እርስዎ ኳስ ያንከባልሉ፣ ግማሾቹ ይሩጡ፣ ግማሾቹ ይከላከሉ፤ ኳሱን ከመልቀቅዎ በፊት ሁልጊዜ «ብትይዢው ወዴት ትወረውሪዋለሽ?» ብለው ይጠይቁ። ሐሳቧን አስቀድማ ያልወሰነች ልጅ ኳሱን ይዛ ዙሪያዋን ስታይ ሯጯ ትደርሳለች። በሜሪላንድ የበጋ ወበቅ በየ15 እና 20 ደቂቃው ውኃ ያጠጧቸው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ሜዳውን ለቀው ወደ መኪና ወይም ሕንፃ ይግቡ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ለራስዎ ትምህርት ደግሞ ቤዝቦሉን ትተው፣ በየዓመቱ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላይ በኦክላሆማ ሲቲ የሚጀመረውን የኮሌጅ ሴቶች የሶፍትቦል ፍጻሜ ከልጅዎ ጋር ቢያዩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምጽፍ እናት ነኝ። የስምንት ዓመት ልጄን በልምምድ ላይ ኳስ ከንፈሯን ስለመታት፣ አሁን ኳስ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ታዞራለች። አሠልጣኙ «አትፍሪ» ይላታል፤ ለውጥ ግን የለም። ላስተዋት ይሆን?

መልስ፦ እርስዎ አያስተዉአት፤ አሠልጣኙም «አትፍሪ» ማለቱን ይተው። ኳሱ ጠንካራ ነው፣ ልጂቱም ያወቀችው እውነት ስለሆነ በቃል አይጠፋላትም። ለጥቂት ሳምንታት በቴኒስ ኳስ ወይም በስፖንጅ ኳስ፣ ከሁለት ሜትር ርቀት፣ በቀስታ ከታች ወደ ላይ እየወረወሩላት ትያዝ፤ ዓይኗ ሳይጨፈን መከተል ሲጀምር ርቀቱን ይጨምሩ፣ እውነተኛውን ኳስ ግን በመጨረሻ ያምጡ። ከወገቧ በላይ ለሚመጣ ኳስ የጓንቱ ጣቶች ወደ ላይ፣ ከወገቧ በታች ለሚመጣ ወደ ታች እንዲያመለክቱ ያሳዩአት፤ ብዙ ልጆች ፊታቸውን የሚመቱት ከላይ የመጣውን ኳስ መዳፋቸውን እንደ ሳህን ዘርግተው ለመቀበል ሲሞክሩ ነው።

ጓንቷንም ይመርምሩ። ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ጓንት በእጇ ላይ የሚዞር፣ አዲስ የተገዛው ደግሞ ደርቆ የማይታጠፍ ከሆነ ጥፋቱ የልጂቱ አይደለም፤ በአንድ እጇ ብቻ መግጠም መቻሏን ሱቁ ውስጥ ሳሉ ይፈትሹ። ሜዳ ላይ ስትከላከል የፊት መከላከያ ጭምብል ታድርግ፤ በዚህ አገር ትልልቆቹም ያደርጉታልና የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለመምታት ስትቆም ደግሞ ኳስ ወደ ሰውነቷ ከመጣ ፊቷንና ደረቷን ከኳሱ አዙራ ጀርባዋን መስጠትን በቴኒስ ኳስ ይለማመዱ፤ ማምለጫ እንዳላት ስታውቅ ቆሞ መጠበቁ ይቀላታል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ፒቸር መሆን ፈልጋ በየቀኑ ስትወረውር ኳሱን እንድቀበላት ትለምነኛለች። በታች በኩል የሚወረወር ስለሆነ ክንድ አይጎዳም ይሉኛል፤ እውነት ነው? (ከሲያትል የጻፉ አባት)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ክንድን እንደ ጎማ አዙሮ መወርወር ትከሻን ያደክማል፤ ብዙ የሚወረውሩ ልጃገረዶች የትከሻና የክንድ ሕመም እንደሚያገኛቸው የስፖርት ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል። በሳምንት ውስጥ ምንም የማትወረውርባቸው ቀናት ይኑሩ፤ ሕመም ከተሰማት ልምምዱ በዚያው ደቂቃ ይቁም፣ ካልተሻላትም ሐኪም ይያት። ሥልጠናው ከቅርብ ይጀመር፦ መጀመሪያ የእጅ አንጓን ብቻ በማወንጨፍ፣ ቀጥሎ በግማሽ ዙር፣ ከዚያ በሙሉ ዙር፤ በእሷ ዕድሜ ምድብ ወደሚወረወርበት 40 ጫማ ርቀት የምትሄደው እንቅስቃሴው ሳይበላሽ ሲረዝምላት ነው። ኳሱ ዒላማውን ሳተ ብለው አይቆጧት፤ ቆጥባ መወርወር ከለመደች በኋላ ፍጥነት መጨመር ይከብዳታል። እርስዎም ለመቀበል ባልዲ ገልብጠው ሲቀመጡ ጓንትና የፊት ጭምብል ያድርጉ፤ ከፊትዎ አፈሩን ነጥሮ የሚመጣ ኳስ አቅጣጫው አይታወቅም።