ለ1ዩ ኩብሳት ሪአክሽን ዊል ከመግዛታችሁ በፊት

«አዳማ ሆነን ካሜራ ያለው 1ዩ ኩብሳት እየሠራን ነው፤ ርካሽና አስተማማኝ ሪአክሽን ዊል ከየት ይገኛል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ዊሉን ለጊዜው ተዉት። (1ዩ ኩብሳት በየጎኑ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ኪዩብ ሳተላይት ነው፤ ሪአክሽን ዊል ደግሞ ውስጡ እየተሽከረከረ ሳተላይቱን የሚያዞር ትንሽ ጎማ።) ሳተላይቱ ከማስወንጨፊያው ሲለቀቅ እየተገለባበጠ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያ ሥራችሁ ያንን ማስቆም ነው፤ ለዚያ ማግኔቶርከር ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ እየተደገፈ ሳተላይቱን የሚያዞር የሽቦ ጥምጥም (ኮይል) ነው። ዊል ብትገዙም ከማግኔቶርከር አታመልጡም። ዊሉ ያጠራቀመውን ሞመንተም (የሽክርክሪት ግፊት) የሚያራግፍለት ከሌለ ፍጥነቱ ጣሪያ ይነካና ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ዊሉን ራሳችን እንሠራለን፣ የድሮን ሞተር ላይ የናስ ዲስክ እንገጥማለን ካላችሁ ደግሞ የተራ ቤሪንግ ግሪስ ቫክዩም ውስጥ እየተነነ ያልቃል፤ ትነቱም ሄዶ ሌንሳችሁ ላይ ይለጠፋል። የናሳው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኬፕለር እንኳ ከ4 ዊሎቹ አንዱን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛውን በ2013 አጥቷል።

1. የማግኔቶርከሩን ኮይል ራሳችሁ ጠምጥሙ። 0.2 ሚ.ሜ. ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ 8 በ8 ሳ.ሜ. ፍሬም፣ 200 ዙር። 64 ሜትር ሽቦ ይፈጃል፣ 18 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሬዚስታንሱ 35 ኦም አካባቢ ነው። በ5 ቮልት 0.14 አምፔር ይስባል፤ የሚሰጣችሁ የማግኔት ጥንካሬ ወደ 0.18 አምፔር-ሜትር ካሬ ነው፣ ለ1ዩ ደህና አድርጎ ይበቃል። ሽቦው ሞተር ጠምጣሚዎች ጋ በኪሎ ይገኛል፤ ይሄን ያህል ቀጭኑን ካጣችሁ ከድሮ ትራንስፎርመር ፍቱ። የጠምጣሚዎቹን ቫርኒሽ ግን ለሙከራ ኮይል ብቻ ተጠቀሙበት። ለሚበረረው ኮይል፣ ቫክዩም ውስጥ የሚያጣው ክብደት ከ1 በመቶ፣ ሌላ ዕቃ ላይ የሚጤዘው ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች መሆኑ የተመሰከረለት ኤፖክሲ ያስፈልጋል። ለ3ቱ አክሲስ አንድ አንድ የሚተከሉትን 3 ኮይሎች በሙሉ ኃይል አንድ ላይ ካበራችሁ ፍጆታው 2 ዋት ያልፋል፤ የ1ዩ ሶላር ያንን እየቻለ ሌላውን ሊያበላ አይችልም። ስለዚህ በኤች-ብሪጅ (የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በሚገለብጥ ሰርኪት) ኃይሉን እያበራችሁ እያጠፋችሁ ስጡት።

2. መግነጢሳዊ መስክ የሚለካው ሴንሰር፣ ማግኔቶሜትሩ ላይ አትቆጥቡ። ገበያ ላይ «ኤችኤምሲ 5883» ተብሎ የሚሸጠው ሞጁል በአብዛኛው ውስጡ «ኪውኤምሲ 5883» ነው። የአይ-ስኩዌር-ሲ (ቺፖች የሚነጋገሩበት መስመር) አድራሻው በአስርዮሽ 30 መሆን ሲገባው 13 ሆኖ ካገኛችሁት ኪውኤምሲው ነው። ሬጅስተሮቹም ስለሚለያዩ ለኤችኤምሲው የተጻፈው ላይብረሪ አያነበውም፤ ቺፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። አቅሙ ካላችሁ አርኤም 3100 የተባለው ማግኔቶሜትር ይሻላል። ካሊብሬሽኑን ላብ ውስጥ አታድርጉት፤ የግድግዳው ፌሮና የጣሪያው ቆርቆሮ ያበላሹታል። ሜዳ ውጡ፣ መኪናም ስልክም አርቁ። አዳማ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ስለሆነ መስኩ መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚያልፈው፤ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ብታዞሩት ዜድ አክሲሱ ምንም አያይም። በ6ቱም ፊቱ እየገለበጣችሁ አዙሩት። የ3ቱ አክሲስ ንባብ ካሬ ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣ በየትኛውም አቅጣጫ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ካልመጣ ገና አልጨረሳችሁም። ይሄንንም ባትሪው፣ ቦርዱና ብሎኑ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ድገሙት። የ18650 ባትሪ (ክብ ዘንግ የሚመስለው ሊቲየም ባትሪ) ሽፋን መስኩን የሚያዛባ ብረት ነው፤ ብሎኑ ግን ናስ ወይም ቲታኒየም ይሁን።

3. ሙከራው፤ ሥራችሁ የሚለይበት እዚህ ነው። ሽክርክሪቱን የሚያስቆመው ስሌት ቢ-ዶት ይባላል፣ ቀላል ነው፤ የመስኩን ለውጥ ትለካላችሁ፣ ኮይሉን በተቃራኒው ትነዳላችሁ። «ተቃራኒ» የሚለው ምልክት አንድ ቦታ ከተገለበጠ፣ የኮይል ሁለት ጫፍ ተቀያይሮ ቢበየድ እንኳ፣ ሳተላይቱ በመቆም ፈንታ እየፈጠነ ይሄዳል። የጃፓኑ ሳተላይት ሂቶሚ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የጠፋው በተሳሳተ የቁጥጥር ቁጥር ሽክርክሪቱ እየባሰበት ሄዶ ነው፤ ተበታተነ። በኮድ ላይ ብቻ ተማምናችሁ አትላኩ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ኮይል ለብቻው አብሩና ኮምፓስ አስጠጉ፤ መርፌው ስሌታችሁ ወዳለው አቅጣጫ መዞር አለበት። ቀጥሎ ሳተላይቱን በአንድ ቀጭን የናይሎን ክር አንጠልጥሉ። እዚህ አዳማ መስኩ የተኛ መሆኑ ይጠቅማችኋል፤ በክር ዙሪያ ለሚሽከረከር ነገር 36ቱም ማይክሮቴስላ ይሠራል፣ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በእጅ አዙራችሁ ልቀቁ፤ አንዴ ኮይሉ ጠፍቶ፣ አንዴ ቢ-ዶት በርቶ። ሲበራ ከጠፋበት ጊዜ ቀድሞ ካልቆመ ምልክቱን ፈትሹ። የምትለኩት ጉልበት ግፋ ቢል 7 ማይክሮኒውተን-ሜትር ነው፤ የአዳማ ነፋስ ደግሞ አይተኛም፣ ስለዚህ በትልቅ ፕላስቲክ ሳጥን ከልሉት። ማግኔቶሜትሩን ኮይሉ ከጠፋ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይታችሁ አንብቡ፤ እየበራ ካነበባችሁ የምታዩት የራሳችሁን ኮይል ነው።

መስኩን ማጥፋት ወይም መገልበጥ ካስፈለጋችሁ ሁለት የሄልምሆልትዝ ቀለበት (መሃላቸው ላይ እኩል መስክ የሚፈጥሩ ትይዩ ኮይሎች) ሥሩ፤ ራዲየሳቸውም በመካከላቸው ያለው ርቀትም 50 ሳ.ሜ.፣ እያንዳንዳቸው 30 ዙር። በ1 አምፔር መሃል ላይ 54 ማይክሮቴስላ ይሰጣል። ወደ ሰሜን አስተካክላችሁ 0.67 አምፔር በተቃራኒ ብትለቁበት የአዳማን መስክ ዜሮ ያደርገዋል። መስኩ መሬት ውስጥ ዘቅዝቆ በሚገባበት አገር ለዚሁ ሥራ ሌላ ጥንድ ይጨመራል።

የፀሐይ አቅጣጫ ለማወቅ በየፊቱ አንድ ፎቶዳዮድ (ብርሃን የሚለካ ሴንሰር) ይበቃል፤ ከምድር የሚንጸባረቀው ብርሃን ከ10 ዲግሪ በላይ ሊያስታችሁ እንደሚችል ግን አስቡት።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልናገር፦ ጉምሩክ ዕቃ የሚለቀቅበት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ዳታሺቱን ሳይገልጥ «ሞተር ካለው ድሮን ነው» ብሎ ሙሉውን ካርቶን ያስቆማል፤ ስታስረዱትም ቀና ብሎ አያይም። ስለዚህ ወደፊት 3ዩ (የ1ዩ ሦስት እጥፍ) ላይ ደርሳችሁ ዊል ስታዝዙ ከሴንሰሮቹ ጋር በአንድ ካርቶን አታስመጡ። ማህተም ያለበት የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደሚውል በአማርኛ ተዘርዝሮበት፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት በእጃችሁ ይኑር። ሻጩንም ሳትከፍሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ ቤሪንጉ ውስጥ ያለው ቅባት ስሙ ማን ነው፣ ቫክዩም ውስጥ ስንት ሰዓት ተፈትኗል፣ የንዝረት ሙከራ ውጤቱ የት አለ?