የጉዞ ምድጃና የሜዳ ምግብ

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ተራራ ወጥተን በድንኳን ስናድር ትንሽ የጋዝ ምድጃ እይዛለሁ። እነርሱ ግን እንጨት ካልነደደ በሜዳ ማደሩ ትርጉም የለውም ብለው ይከራከሩኛል። ለመሆኑ ይህ ምድጃ የሜዳ ምግብ አበሳሰልን ምን ያህል ለውጦታል? ደግሞስ በብርዳማ ማለዳ፣ ጋዙ ሳያልቅ ነበልባሉ የሚደክመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እንደ እኔ እምነት ትልቁ ለውጥ የታየው በማደሪያ ቦታ ምርጫ ላይ ነው። ማብሰያው እንጨት ብቻ በነበረበት ጊዜ ድንኳን የሚተከለው ደረቅ ማገዶ በሚገኝበት አካባቢ ነበር፤ ዝናብ ማገዶውን ካራሰው ወይም ተጓዡ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ከደረሰ ትኩስ ነገር ማግኘት ይቸግረዋል። ይህን ችግር ካቃለሉት መሣሪያዎች ዋነኛው፣ ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራውና ፕሪሙስ በሚል ስም የታወቀው የላምባ ምድጃ ነው። ምድጃው ፈትል የለውም፤ በፓምፕ የተሞላው አየር ላምባውን ወደ ጋለ ቱቦ ይገፋዋል፣ ላምባው እዚያ ተንኖ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ጥቀርሻ በማይተው ሰማያዊ ነበልባል ይነዳል።

የምድጃው ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ፈሳሽ ውኃ በሌለበት ቦታ ነው፤ በበረዶ ምድር የሚጠጣው ውኃ ራሱ የሚገኘው በረዶ በማቅለጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ የኤቨረስትን ጫፍ ከመርገጣቸው በፊት የመጨረሻዋን ሌሊት ያሳለፉት 8,500 ሜትር ገደማ ላይ በተተከለች ድንኳን ውስጥ ነበር። ማለዳ ላይ የሂላሪ ጫማ በብርድ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለነበር፣ እግሩን ለማስገባት በምድጃው ነበልባል ላይ ይዞ ማለስለስ ግድ ሆኖበታል።

ወደ ማለዳው ችግርዎ ስንመጣ፣ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ጋዝ በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ነው፤ የሚነደውም ከዚህ ፈሳሽ የሚተነው ብቻ ነው። በቆርቆሮው ከሚሞሉት ጋዞች አንዱ የሆነው ቡቴን የሚተንበት ነጥብ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ ውርጭ ባለበት ማለዳ ፈሳሹ በቆርቆሮው ውስጥ እያለ ምድጃው ሊጠፋ ይችላል። ሌላው ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል፤ ሁለቱን የሚቀላቅሉትም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ከድብልቁ ፕሮፔኑ ቀድሞ እየተነነ ስለሚወጣ፣ የተጋመሰ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይልቅ በብርድ ይደክማል። ከዚህም በላይ ትነቱ ራሱ የቀረውን ፈሳሽ እያቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ምድጃው እየነደደ ቆርቆሮው ላብ እንደሚያወጣ፣ አንዳንዴም አመዳይ እንደሚለብስ አስተውለው ይሆናል። መፍትሔው ቆርቆሮውን ሌሊት በመኝታ ከረጢትዎ ውስጥ አቅፎ ማደር ነው፤ በእሳት ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ጓደኞችዎም ቢሆኑ እውነት አላቸው፤ ከብቦ መሞቅና መጨዋወት በምድጃ አይተካም። እሳት በሚፈቀድበትና የወደቀ ደረቅ እንጨት በበዛበት ቦታ ቢያነዱ አልቃወምም። ነገር ግን ብዙ ሰው በሚያድርበት ስፍራ የሚቀረው ጠባሳ፣ ማለትም የከሰለ መሬትና ቅርንጫፉ የተመለመለ ዛፍ፣ ለዓመታት ስለማይሽር እራትን በምድጃ ማብሰሉ ይሻላል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲጥል ድንኳን ውስጥ ማብሰል እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ይህን በጥብቅ እመክራለሁ። የድንኳን ጨርቅ በቀላሉ ከመቀጣጠሉም ሌላ፣ በተዘጋ ቦታ የሚነድ ምድጃ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያመነጫል። ከውጭ ከዝናብ የሚያስጠልል ሸራ ከፍ አድርገው ይወጥሩና አየር በሚዘዋወርበት ሥር ያብስሉ። ነፋስ ለመከለል ብለውም ቆርቆሮው ላይ የተገጠመውን ምድጃ ዙሪያውን አይሸፍኑት፤ ሙቀቱ ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። በማንኛውም ጊዜ በምድጃ አጠገብ ሳሉ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ አብረውዎት ያሉትንም ያስወጡ።